ከሲኤምሲ እስከ አውቶቡስ ተራ፦ የግራፊክስ ካርድ ፍለጋ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በአሮጌ ጋቢዬ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ይዘን ከሲኤምሲ ባቡር ተሳፈርን። የተሸከመው የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ ጉልበቴ ስለማይፈቅድልኝ ገመዶቹን በፌስታል አንጠልጥዬ ከኋላው እከተላለሁ። ባቡሩ ጢም ብሏል። አንድ ወጣት ተነሥቶ ቦታ ከለቀቀልኝ በኋላ ጥቅሉን አየት አድርጎ «እማማ፣ በግ ነው?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ ታማሚ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ይለኛል። የደም ግፊት የሚለካውም፣ መርፌ የሚወጋውም እኔ ጋ ይመጣል። ኮምፒውተር ይዞ የመጣብኝ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ የጀመረው በመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ነው። አቡሽ የምንለው የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አምና ከክፍሉ አራተኛ የወጣው ልጅ ዘንድሮ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ መጣ። አባቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ጥፋቱን በሙሉ በኮምፒውተሩ ላይ ጣለ። «ነገ ቆራሌው ሲመጣ እሸጠዋለሁ» አለ። አቡሽ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ማሽኑ አርጅቷል፤ ግራፊክስ ካርዱ ይቀየርልኝ» እያለ ሲለምን ነበር። አንዱ ሊጥለው፣ ሌላው ሊያድሰው። አባትና ልጅ ለአንድ ሳምንት ያህል በአንድ ማዕድ ሳይቀርቡ ሰነበቱ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከልጄ ጋር ነበርኩ። ሌሊት ለውኃ ስነሣ ከክፍሉ የሚወጣው ድምፅ የእህል ወፍጮ ይመስላል። በሩን ሳንኳኳ ቶሎ ብሎ መስኮቱን ይዘጋል፤ የኮምፒውተሩን መስኮት ማለቴ ነው። ጦርነት ሲጫወት፣ ሰው ሲተኩስ የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ታማሚው ሳይታይ መድኃኒት አይታዘዝም። «መጀመሪያ ይታይ፣ ከዚያ ትወስናለህ» ብዬ ልጄን ለመንኩት። «አንቺ ነሽ የምታበላሺው» አለኝ። ይህን ደግሞ የማይባል አያት የለም።

ባቡሩ ጉርድ ሾላን ሲያልፍ አቡሽን «ግራፊክስ ካርድ ማለት ምንድን ነው? እንደማያውቅ ሰው አድርገህ አስረዳኝ» አልኩት።

«አታውቂም እኮ፣ እቴቴ» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ዋናው አሳቢ ፕሮሰሰር ይባላል። የእኛው አራት ኮር አለው፤ አራት ጠንካራ ሠራተኞች እንደ ማለት ነው። ከባድ ሒሳብ ይሠራሉ፤ ግን አራት ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። 1920 ወደ ጎን፣ 1080 ወደ ታች፣ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ጨዋታው ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ይህ ሁሉ ነጠብጣብ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ያህል እንደ አዲስ መሳል አለበት። ለዚህ አራት ጎበዝ አይበቃም። ግራፊክስ ካርድ ማለት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ የሚሰማሩበት ቦርድ ነው።

«ደቦ በለኛ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «አዎ፣ ደቦ» አለ። ከመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የእኛ ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ይባላል። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ከውጭ አገር ቢሮዎች አገልግሎት ጨርሰው ወደ ገበያችን ከሚገቡት አንዱ ሲሆን፣ አባቱ ከአምስት ዓመት በፊት ያገለገለውን ገዛለት። በውስጡ ያለችው ጂቲ 730 የምትባል ካርድ እ.ኤ.አ. የ2014 ናት። ያኔም ቢሆን ለቀላል ሥራ የተሠራች ነበረች።

መገናኛ ወረድን። መገናኛን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ ጎዳናው ላይ ልብስ የዘረጋው፣ ድንችና ሽንኩርት የሚጠራው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ልጁ ጥቅሉን በደረቱ አቅፎ በሰው መሐል ሲሽሎከሎክ፣ እኔ ጃኬቱን ጨብጬ ስከተለው፣ ማን ማንን እንደሚመራ ለየት አድርጎ የሚያውቅ አልነበረም። በየሕንፃው ውስጥ ሞባይልና ኮምፒውተር የሚሸጡ ትናንሽ ሱቆች እንደ ንብ እንጀራ ተደርድረዋል።

በመጀመሪያው ሱቅ ሻጩ «ማዘር፣ ይግቡ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። አርቲኤክስ 3060 የምትባል አዲስ ካርድ ከነካርቶኗ አወጣ። የአቡሽ ዓይን በራ። ዋጋዋን ስጠይቅ የአሥር ወር ጡረታዬ ሆነች። «ይህ ማሽን ይችላታል ወይ?» አልኩ። «ይችላታል ማዘር፣ ምንም ችግር የለውም» አለ፤ ማሽኑ ግን አሁንም በጋቢ እንደተጠቀለለ ነው። በሽተኛውን ሳያይ «ምንም ችግር የለውም» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ተነሥቼ መውጣት የድሮ ልማዴ ነው። ወጣሁ። አቡሽ አኩርፎ ተከተለኝ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ የነበረው ልጅ ሃያዎቹን ያጋመሰ አይመስልም። እሱ ግን መጀመሪያ ጋቢውን ፈታ፣ ቀጥሎ የማሽኑን ክዳን ከፈተ። ከጥጉ ያለውን የብረት ሣጥን በስልኩ መብራት እያበራ «ማዘር፣ ይህን ያንብቡልኝ» አለ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፦ 290 ዋት።

«ይህ ፓወር ሰፕላይ ይባላል። ኃይል የሚያድለው እሱ ነው፤ ልቡ በሉት። ያቺ ያሳየዎት ካርድ ለብቻዋ 170 ዋት ትበላለች። ካምፓኒው ራሱ ቢያንስ 550 ዋት ያለው ማሽን ላይ ግጠሟት ይላል። በዚያ ላይ የራሷ የኃይል ገመድ ያስፈልጋታል፤ ይህ ማሽን ያ ገመድ የለውም።»

«ፓወር ሰፕላዩን እንቀይረው» አለ አቡሽ።

«የዚህ ዴል መሰኪያ የራሱ ዓይነት ነው፤ ሌላው ማሽን ላይ የሚገጥመው ባለ 24 እግሩ እንዲሁ አይገጥምለትም፤ ማስማሚያ ይፈልጋል። እሱንም አግኝታችሁ ብትቀይሩት ፕሮሰሰሩ የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ነው። ካርዷ ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ እሱን ስትጠብቅ ትውላለች። በብዙ ገንዘብ የገዛችሁት ነገር ግማሹ ሥራ ፈት ይሆናል።»

ነገሩ ገባኝ። ልቡ ለደከመ ሰው ግሉኮስ በፍጥነት አይለቀቅም። ለሌላው ሕይወት የሚሆነው ፈሳሽ ለእሱ ሳንባው ላይ ውኃ ይሆንበታል። ስንት ጊዜ ለጀማሪ ነርሶች የነገርኩት ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም አይሰጥም።

ወጣቱ ያዘዘልን ሌላ ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ መሰኪያ በራሱ እስከ 75 ዋት ያቀብላል። ከዚያ በላይ የማትጠይቅ፣ ተጨማሪ ገመድ የማትፈልግ ካርድ ፈልጉ አለን፤ ለምሳሌ ጂቲኤክስ 1650። «ግን ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ አንዳንዶቹ 1650ዎች ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚፈልጉ ሆነው ነው የተሠሩት። ጎኗ ላይ መሰኪያ የሌላትን ይምረጡ።» እሱ ጋ አልነበረችም። መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳለ ጠጋኝ ጓደኛው ደውሎ ላከን። ለምክሩ ልከፍለው ብል እምቢ አለ። «እናቴም ነርስ ናት» አለኝ።

እንደገና ባቡር። ከመገናኛ ሃያ ሁለትን፣ ዑራኤልን፣ እስጢፋኖስን አልፈን፣ ከስታዲየም ለገሃር፣ ከለገሃር ሜክሲኮ፣ ከዚያ ልደታ። እዚያ ወርደን ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚያመራውን መስመር ያዝን። አቡሽ ግድግዳው ላይ ያለውን የጣቢያዎች ዝርዝር እያየ «መጨረሻው ፒያሳ ነው አይደል?» አለኝ። «ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ የእኛም ግቢ አብሮ ተነሥቷል። አቡሽ የተወለደው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ግቢ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አቅጣጫ መሄድ አልወድም።

አውቶቡስ ተራ ወረድን። መርካቶ የጣልያን ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደዚህ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ስሙ የእነሱ ሆኖ ቀረ፤ ሥራው ግን የእኛው ነው። ሁሉም በየተራው ነው፦ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። በምናለሽ ተራ በኩል ስናልፍ አቡሽ ቆመ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረት፣ ጣሳና በርሜል እዚያ ይመጣል። በርሜሉ ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። «አባዬ ቢሸጠው ኖሮ እዚህ ነበር የሚመጣው?» አለኝ። «ምናልባት» አልኩት። ጥቅሉን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።

የጠጋኙ ሱቅ ፎቅ ላይ ናት፤ ጠባብ ናት። የብየዳ ጭስ ስለሸተተኝ ከሰላምታዬ በፊት መስኮቱን ከፈትኩ። «ይህን ጭስ ቀኑን ሙሉ አትሳብ፣ ልጄ» አልኩት። «እሺ ማዘር» አለና ሥራውን ጀመረ። ቆዳው የጠቆረ፣ ጣቱ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ማሽኑን ከፈተና ወደ እኔ አዘነበለው። አቧራው እንደ ጥጥ ተነባብሯል። «የሚጮኸው ለዚህ ነው» አለ። «አየር አጥቷል።»

መጀመሪያ አቧራውን በንፋስ መንፊያ አወጣ። ማራገቢያዎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣቱ ይዞ ነው የሚነፋው፤ አለዚያ ይጎዳሉ አለኝ። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ፈታ። በመሐል ሙቀት የሚያሻግር ቅባት አለ፤ እንደ ሰነበተ ሊጥ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ የምስር ፍሬ የምታክል ብቻ። ማሽኑን አስነሥቶ ሙቀቱን አሳየኝ። ሲገባ ከ90 ዲግሪ በላይ የነበረው ወደ 70 ወረደ። ድምፁም ጠፋ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። ገና ምንም ሳንገዛ የበሽታው ግማሽ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ነው ያገለገሉ ካርዶችን ጠረጴዛ ላይ የደረደረው። ስለ ሕይወት ታሪካቸው ጠየቅኩት። ካርድ ሁሉ በጨዋታ ብቻ አያረጅም አለኝ። ኤቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 2022 ድረስ «ሚኒንግ» በሚሉት መንገድ የሚመነጨው በእነዚህ ካርዶች ነበር። ሌት ተቀን ሲነዱ የኖሩ ብዙ ካርዶች አሠራሩ ሲለወጥ በዓለም ዙሪያ ለሽያጭ ወጡ። ሁሉም ተበላሽተዋል ማለት አይደለም፤ ግን ማራገቢያቸው ደክሟል። ሌላው ደግሞ ማታለል አለ። የአሮጌ ካርድን ውስጣዊ ፕሮግራም ነካክተው የአዲስ ስም የሚያስለጥፉበት አሉ። ስለዚህ ተለጣፊውን ማመን አይበቃም፤ ጂፒዩ-ዚ በሚባል ፕሮግራም የውስጥ ማንነቷን ማየት ያስፈልጋል። ከአጠገቧ የነበረችው 1050 ቲአይ ረከስ ትላለች። ነገር ግን ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ የሚያወጣውን መደበኛ የጨዋታ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2025 ስላቆመ አልመከረንም። 1650ዋ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣች ናት፤ 896 ሠራተኞች አሏት። ደቦው ሞላ።

ሰካት። «አሁን ለግማሽ ሰዓት እናሩጣት» አለ። ሻይ አዘዘልን። «ከባድ ነገር መክፈት አለብን። የምትጫወተው ምንድን ነው?» ብሎ አቡሽን ጠየቀው።

አቡሽ አቀረቀረ። «ጨዋታ አለ… ግን የሚያንቀው እሱ አይደለም» አለ። ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰካ። ብሌንደር የሚባል በነፃ የሚገኝ የሥዕል ፕሮግራም ተከፈተ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ግቢ ወጣ።

የእኛ ግቢ ነው። የቆርቆሮው አጥር፣ ሰማያዊው በር፣ የጋራ ቧንቧው፣ የእንጨት ደረጃው። በማታ ሲዘጋብኝ የነበረው መስኮት ይሄ ነበር። ሠርቶ ሳይጨርስ እንዳናይበት ነው የደበቀው። ብርሃን ሊጨምርበት ሲሞክር አሮጌዋ ካርድ ቀጥ ትላለች፤ ሰዓታት ያስጠብቀዋል፤ ሌሊቱ በዚያ ነጋ። ጨዋታም ይጫወታል፤ አልደብቃችሁም። ውጤቱ የወረደውም እንቅልፍ በማጣት ነው፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ጥፋቱ አለ። እኛ የፈረድንበት ግን በሌላ ጥፋት ነበር።

ጠጋኙ ብርሃኑን ከፈተው። የጠዋት ፀሐይ ደረጃው ላይ አረፈ። ምን ማለት እንደሚገባኝ አላውቅም ነበር፤ ከአፌ የወጣው «ኮኩ በስተግራ ነበር» የሚለው ነው።

«የቱ ኮክ?»

«የኮኩ ዛፍ። በቀኝ አይደለም፤ በግራ ነው፤ ከቧንቧው አጠገብ።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ እቴቴ?»

«የዳይፐር ጨርቅህን የማሰጣው እሱ ላይ ነበር።»

ጠጋኙ መሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። የካርዷ ሙቀት 72 ዲግሪ ላይ ቆመ። ለእኛ ሞት ነው፤ ለእሷ ጤና ነው። ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብም ሆነ መስመር አልታየም። አቡሽ ከቡሄና ከእንቁጣጣሽ ያጠራቀመውን አወጣ፤ እኔ የሁለት ወር ጡረታዬን ጨመርኩ። አሮጌዋን ካርድ ለሌላ ሰው ማሽን ትሆናለች ብሎ በትንሽ ዋጋ ወሰደልን። ደረሰኙ ላይ የካርዷን ሲሪያል ቁጥርና የአንድ ወር ዋስትና ጻፈልን።

ማታ ቤት ስንደርስ ልጄ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ገመዶቹን ከእጄ ተቀብሎ ምንም ሳይናገር መሰካት ጀመረ። ኩርፊያውን ማብረጃ መሆኑ ገባኝ። ማሽኑ ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አቡሽ ደነገጠ። ልጄ «ይኸው፣ ተሸወዳችሁ!» አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ከኋላ አየሁ። የሕመምተኛ መቆጣጠሪያ ሲጮህ ነርስ ከታማሚው ቀጥሎ የምታየው ገመዱ መሰካቱን ነው። የስክሪኑን ገመድ አዲሷ ካርድ ላይ ሳይሆን ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ሰክቶታል። ነቅዬ ታች ሰካሁት። በራ። ልጄ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። እራት አብረን በላን።

እንደ እኔ ላላችሁ አያቶችና ወላጆች ልምዴን ላካፍል። ከመግዛታችሁ በፊት አቧራውን አስጠርጉ። የፓወር ሰፕላዩን ዋት ራሳችሁ አንብቡ። የኬዙን ውስጥ በሜትር ለኩ፤ ረጅም ካርድ አይገባም። ያገለገለ ካርድ ከፊታችሁ ለግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ገንዘብ አትቁጠሩ። ከሁሉም በላይ ግን ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻውን አትላኩት፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።

ኮምፒውተሩ አሁን ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። በየ20 ደቂቃው ዓይኑን ከስክሪኑ አንሥቶ ራቅ ያለ ነገር ያያል። ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ይግባኝ የለውም። አባቱም ተስማምቷል። የሁለተኛው መንፈቅ ውጤት ሲመጣ እናያለን።

ኮኩ ወደ ግራ ዞሯል። ባለፈው እሑድ አቡሽ «የማድ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነበር ወደ ውጭ የሚከፈተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዓመት የገባሁበት የወጣሁበት በር ጠፋኝ። ወደ ገላን ጉራ ለሄደች የድሮ ጎረቤቴ ደወልኩ። «ወደ ውጭ ነዋ! ስንቴ ግንባሬን መትቶኛል» አለች። ለምን እንደጠየቅኳት ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላ «ቅዳሜ እመጣለሁ። ቡና አፍልተሽ ጠብቂኝ፤ ያንን በር ላየው» አለችኝ።